ሲዲው ሳይሞት ጌሙን እናውጣው

ባለፈው ክረምት ደሴ ቤታችን ጓዳ ሲጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። ስከፍተው ሲዲ ሞልቶታል። አብዛኛው ላዩ ላይ በማርከር የተጻፈበት ነው። የሠርግ ቪዲዮ፣ መንዙማ፣ የእንግሊዝኛ መማሪያ፣ ፊልም፣ ከዚያ ደግሞ ጌም በጌም። ከሁሉም ስር ግን ከነማቀፊያው የተቀመጠ አንድ ኦሪጅናል ዲቪዲ አለ። የመኪና ውድድር ጌም ነው። አክስቴ ከጅዳ ስትመጣ ከሻንጣዋ አውጥታ "ይኸው ያንተ" ብላ የሰጠችኝ። ያኔ በሰፈራችን ኦሪጅናል ጌም በእጁ የነበረው ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሌላው ሁሉ ኮፒ ነው። ዲስኩን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዤ ነበር የማወጣው፤ ታናሽ ወንድሜ እንኳ እንዲነካው አልፈቅድም።

እንደገና ልጫወተው አማረኝ። የአሁኑ ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ጋ ሄድኩና በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ድራይቭ አዋሰኝ። "አብሽር፣ ካልተጫረ ይሠራል" አለኝ። አልተጫረም። ኢንስቶል አደረግኩት፣ ያለ አንዳች ችግር ገባ። አይከኑን ሁለቴ ጫንኩት። ያቺ ሰማያዊ ክብ ትንሽ ዞረች። ቆመች። ከዚያ ምንም የለም። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም። ደግሜ ጫንኩ። ያው ነው።

ዲስኩ ደህና ነው። ጌሙም ደህና ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ጌሙ በወጣበት ዘመን ከነበረው ኮምፒውተር በጉልበት እጅግ ይበልጣል። እምቢ ያለው ጌሙ ላይ የተገጠመው ቁልፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሰው ጌሙን ገዝቶ፣ ዲስኩን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቆ፣ ቁልፉ ስላረጀ ብቻ በገዛ ዕቃው ደጅ ከቆመ፣ ያንን ጌም ያለ ዲስኩ እንዲነሳ ማድረጉ ሌብነት ነው ብዬ አላምንም። ዕቃውን ማዳኑ ነው። ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። ዲስኮቹ እየሞቱ ነው፣ ድራይቮቹ ከገበያ እየጠፉ ነው፣ ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል።

(የውጭ ጌሞች ታሪክ ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶችና ወራት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። የእኛውን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ለመሆኑ ጌም ዲስኩን ለምን ይጠይቃል? መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ምክንያት ነበረው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ሲዲ 650 ሜጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር። የብዙ ሰው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ያኔ 1 ጊጋ ቢሆን ነው። ሙሉ ጌም ሃርድ ዲስክ ላይ ከገለበጥክ ለሌላ ነገር ቦታ አይተርፍህም። ስለዚህ ጌሙ የሚያስፈልገውን ትንሽ ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥና ቪዲዮውንና ሙዚቃውን እዚያው ዲስኩ ላይ ይተወዋል። በ1996 የወጣውን ኩዌክ የተባለውን የተኩስ ጌም ውሰዱ። ሙዚቃው ዲስኩ ላይ እንደማንኛውም የዘፈን ሲዲ ነው የተቀረጸው። ዲስኩን ቴፕ ላይ ብትከተው ይዘፍንልሃል። ጌሙን ያለ ዲስኩ ስታስነሳው ግን ሙዚቃ የለም፤ የተኩስና የእግር ድምፅ ብቻ። በልጅነታቸው ኩዌክን ኮፒ ብቻ ተጫውተው ያደጉ ልጆች ጌሙ ሙዚቃ እንዳለው ሳያውቁ የኖሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሃርድ ዲስክ ሰፋ፣ ሲዲ መጻፊያም ረከሰና በየሱቁ ገባ። በአንድ ኦሪጅናል መቶ ኮፒ ማውጣት ቀላል ሆነ። የጌም አሳታሚዎች ደነገጡ። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ዕቃ ተሸካሚነቱ ቀረና ዘበኛ ሆነ። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ እያለ እንኳ "ዲስኩን አሳየኝ" ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። አንድ ቢሮ ሄደህ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ስታስገባ "ኦሪጅናሉን ይዘህ ና" ይሉሃል። ኮፒው ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ፊደል አልጎደለም። እነሱ ግን ማየት የሚፈልጉት ማኅተሙን ነው፣ የቀለሙን እርጥበት፣ ወረቀቱ ላይ የተወውን ጉብታ። ሴፍዲስክና ሴኩሮም የሚባሉት ቁልፎች የሠሩት ይህንኑ ነው። ሴፍዲስክ የማክሮቪዥን ነበር፣ ሴኩሮም የሶኒ። ለምሳሌ በሴፍዲስክ ፋብሪካው ዲስኩን ሲያትም ሆን ብሎ አንዳንድ ቦታ ላይ ስህተት ይጥልበታል። ስህተቱ ለጌሙ ምንም አይጠቅምም። ተራ የሲዲ መጻፊያ ግን ያንን ስህተት እንደነበረ አድርጎ መገልበጥ ይቸግረዋል፤ ወይ ያርመዋል፣ ወይ ማንበብ አቅቶት ይቆማል። ጌሙ ሲነሳ ያንን ቦታ ሄዶ ያነባል። ስህተቱን ካገኘ "ኦሪጅናል ነው" ይላል። ካጣው አይነሳም።

ይህን ምርመራ ለማድረግ ሴፍዲስክ ከዊንዶውስ ሆድ ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር። ሴክድራይቭ ይባላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር አብሮ ያድለው ነበር። ታዲያ በ2007 በዚህ ድራይቨር ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ተራ ተጠቃሚ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ የኮምፒውተሩ ሙሉ ባለሥልጣን መሆን ይችላል። በዚያው ዓመት ታህሣሥ ላይ ተደፈነ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ግን ድራይቨሩ ጭራሽ ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በመጣው ዝማኔ ደግሞ በቪስታ፣ በ7 እና በ8 ላይም ተዘጋ።

ማኅተም የሚያየው ጸሐፊ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ኦሪጅናሉን ይዘህ ብትመጣም የሚያይልህ የለም። በሴፍዲስክ የተቆለፈ ጌም በእጁ ያለ፣ አዲሱን ዊንዶውስ የጫነ ሰው ሁሉ ደጅ ቆመ።

ማይክሮሶፍትን ብዙ አልወቅሰውም። ቀዳዳ ያለበት ነገር ሆድህ ውስጥ ይዘህ አትኖርም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጌሙን ከነቁልፉ የሸጡልን አሳታሚዎች፣ ቁልፉ እንደማይሠራ እያወቁ፣ ቁልፉን የሚያነሳ አንዲት ትንሽ ፋይል ሳያወጡ መሄዳቸው ነው። አንድ ፕሮግራመር በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ለመሆኑ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለፈውን ጌም ከማን ነው የሚጠብቁት? መጀመሪያ ሳምንት ላይ የሚሸጥ ሸቀጥን ለመጠበቅ የተሠራ ዘበኛ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቱን በር ላይ ያግዳል።

የሚቻል ነገር መሆኑን ደግሞ ያሳዩ አሉ። ብሊዛርድ የተባለው የጌም ኩባንያ በ1998 ያወጣውን ስታርክራፍት በ2008 ባወጣው ማሻሻያ ዲስኩን እንዳይጠይቅ አደረገው። የዲስኩን ትልቅ ፋይል ጌሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ ገልብጡና ተጫወቱ አለ፣ በቃ። ዲያብሎ 2ንም በዚያው ዓመት እንደዚያው አደረገ። ስታርክራፍትን እንዲያውም በ2017 በነጻ ለቀቀው። የዱምና የኩዌክ ሠሪዎች ደግሞ ከዚህም አለፉ። የዱምን ኮድ በ1997፣ የኩዌክን በ1999 ለሕዝብ ሰጡ። ለዚህ ነው ዱም ዛሬ በስልክም፣ በሰዓትም፣ በምናምኑም ላይ የሚነሳው። ጌሙን ከዲስኩም ከዊንዶውስም ነጻ አወጡት። ኢኤ የተባለው አሳታሚ ደግሞ የመጀመሪያውን ኮማንድ ኤንድ ኮንከር የተባለ የጦርነት ጌም በ2007፣ ተከታዩን ሬድ አለርትን በ2008 በነጻ እንዲወርዱ ለቀቀ። በየካቲት 2025 ደግሞ የእኛ አገር ልጆች ሌሊት ያደሩበትን የዚሁ ተከታታይ ጌም የሆኑትን የጄኔራልስን እና የዜሮ አወርን ኮድ ጭምር ክፍት አደረገ። ሥዕሉና ድምፁ አሁንም የገዛኸው ጌም ውስጥ ነው ያለው፣ ሞተሩን ግን አሁን ማንም ከፍቶ መጠገን ይችላል። እነዚህን ሳመሰግን ከልቤ ነው።

"ታዲያ ለምን እንደገና አትገዛውም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጂኦጂ የሚባለው የኢንተርኔት ሱቅ ከ2008 ጀምሮ የድሮ ጌሞችን ቁልፋቸውን አንስቶ፣ ለአዲስ ዊንዶውስ አስተካክሎ ይሸጣል። የሚፈልጉት ጌም እዚያ ካለ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። ግን ብዙው የለም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ የሉም። ከመቶ አሥራ ሦስቱን ብቻ ነው መግዛት የሚቻለው።

በጣም የጠፉት ደግሞ እኛ የምንወዳቸው ናቸው፣ መኪናና ኳስ። ምክንያቱ ፈቃድ ነው። በመኪና ጌም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መኪና ስሙ የፋብሪካው ነው፣ እያንዳንዱ ዘፈን የዘፋኙ ነው። አሳታሚው ለተወሰነ ዓመት ከፍሎ ይዋዋላል። ውሉ ሲያልቅ ጌሙ ከሱቅ ይወርዳል። የ2005ቱ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ ስንቱ ጌም ቤት የበላበት፣ ለኮምፒውተር በየትኛውም ዲጂታል ሱቅ አይሸጥም። ፊፋም እንደዚሁ። ኢኤ ስሙን ቀይሮ ሲመጣ በ2023 ፊፋ 23ን ጨምሮ የቀድሞዎቹን ከዲጂታል ሱቅ አወረደ። ሱቅ ላይ የቀረውም ቢሆን እንደነበረ አይደለም። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለው ጌም በ2014 ማሻሻያ ሲመጣለት ጌሙ ውስጥ ካለው ሬዲዮ በርካታ ዘፈኖች ተነሱበት። በፊት ዲስኩን የገዛ ሰው ግን ሙሉው አለው። ስለዚህ ያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው አሮጌ ዲስክ አንዳንዴ ሱቅ ላይ ካለው የተሻለ ቅጂ ነው።

ከደሴ ወይም ከወልድያ ሆኖ መግዛት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለው። ዋጋው በዶላር ነው፣ የብር ካርድህ ውጭ አይሠራም። ውጭ ያለ ዘመድ ካልለመንክ አምስት ዶላር መክፈልም ከባድ ነው። ገንዘቡ እያለህ ማለት ነው።

አሁን ስለራሳችን በቀጥታ ልናገር። እዚህ ያደግንበት ጌም ዘጠና ከመቶው ኮፒ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም። ሻጩ ዲስኩ ውስጥ "ክራክ" የሚል ፎልደር ያስገባል። ያንን ፋይል ገልብጠህ ጌሙ ያለበት ቦታ ላይ ትተካዋለህ፣ ከዚያ ጌሙ ዲስኩን አይጠይቅም። ብዙዎቻችን ፎልደር ምን እንደሆነ፣ ፕሮግራም የት እንደሚቀመጥ፣ ፋይል መተካት ምን ማለት እንደሆነ የተማርነው በዚህ ነው። ይህን አልክድም። ግን ዋጋ ከፍለንበታል። ፎልደሮቻችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የተቀየሩበት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍላሽ ላይ የጠፋበት፣ ዊንዶውስ በየሦስት ወሩ የሚጫንበት ዘመን ረጅም ነበር። ዛሬ ደግሞ አደጋው ብሷል። ከማታውቀው ድረ ገጽ "ያለ ሲዲ የሚያስነሳ ፋይል" ብለህ የምታወርደው ነገር የቴሌግራም አካውንትህን፣ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጥከውን የይለፍ ቃል ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፋይል የምትከፍተው ራስህ ነህ፣ አንቲቫይረስህንም "አጥፋው" ስላለህ የምታጠፋው ራስህ ነህ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለአንድ ጌም ብሎ የሞባይል ባንክ መረጃን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ሕጉስ ምን ይላል? የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው፣ ለመጠባበቂያ እንዲሆነው፣ ኦሪጅናሉ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ እንዲተካበት፣ ባለመብቱን ሳያስፈቅድ አንድ ቅጂ ማዘጋጀት ይችላል። አንድ ነው። ለጎረቤት ማባዛት፣ ሱቅ ከፍቶ በፍላሽ መጫን፣ ቻናል ላይ መለጠፍ በዚህ ውስጥ አይካተትም። አሜሪካኖቹም የዲስክ ጣጣው ቢበዛባቸው በ2006፣ ዘመን ባለፈበት ዲስክ የታተሙና ኦሪጅናሉን የሚጠይቁ ጌሞችን ቤተ መዛግብት ለማቆየት ሲሉ ቁልፉን እንዲያልፉ ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ችግሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም።

እሺ፣ እንዴት ይደረጋል? ከሁሉ በፊት ዲስኩን ፋይል ማድረግ ነው። ኢሜጅ ይባላል፣ የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ በአንድ ፋይል። ዲስኩን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉት፣ እየዞራችሁ አትጥረጉ። ሲዲ ላይ ሁላችንም የምንፈራው ከስር ያለውን የሚያብረቀርቀውን ፊት ነው። እውነቱ ግን ላዩ ነው የሚሳሳው። መረጃው የተጻፈበት ንጣፍ ጽሑፉ ካለበት ፊት ስር፣ ከስስ ቀለም በታች ነው ያለው። ከስር የተጫረ ሲዲ ብዙ ጊዜ ይነበባል፣ ከላይ የተፋቀ ግን አበቃለት። እንደ ኢምግበርን ያለ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የማንበቢያ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት። አንዱ ድራይቭ አላነብ ቢል በሌላ ድራይቭ ሞክሩ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ያለኝ ዲስክ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሳይንተፋተፍ ተነቧል።

የፋይሉ ዓይነት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አይኤስኦ የሚባለው ለአብዛኛው ይሆናል፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮም ሁለቴ ስትጫኑት እንደ ዲስክ ሆኖ ይከፈታል፣ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ግን አይኤስኦ የዘፈን ትራክ አይዝም። እንደ ኩዌክ ሙዚቃው ዲስኩ ላይ ያለ ጌም ከሆነ ቢንና ኪው የሚባሉትን ጥንድ ፋይሎች ምረጡ። አለበለዚያ ጌሙን አድናችሁ ሙዚቃውን ትቀብራላችሁ።

ዲስኩን የሚጠይቀው ፋይል ፍለጋ ብቻ ከሆነ ኢሜጁን መክፈት በቂ ነው፣ ጌሙ ዲስክ የገባ መስሎት ይነሳል። በማኅተም የሚያየው ዓይነት ከሆነ ግን ተራ ኢሜጅ አይበቃውም፣ ማኅተሙ አብሮ አልተገለበጠማ። እንደ አልኮሆል 120 ያሉ ፕሮግራሞች ማኅተሙንም አብረው ለመያዝ ይሞክራሉ። ቁልፉ ሴፍዲስክ ከሆነ ግን ቢይዙትም ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አጣሪው ራሱ ስለሌለ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ያለው ንጹሕ መፍትሔ ሁለት ነው፤ አሳታሚው ራሱ ያወጣው ማሻሻያ ካለ እሱን መጫን፣ ከሌለ ደግሞ ኤክስፒ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር መፈለግ። ኤክስፒውን ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት። ከ2014 ጀምሮ መደበኛ የጥገና ዝማኔ አይመጣለትም።

ከኤክስፒ በፊት ለነበሩት የዶስ ጌሞች አታስቡ። ዶስን አስመስሎ የሚያስነሳው ዶስቦክስ የተባለ ፕሮግራም ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ነጻ ነው፣ የሲዲ ኢሜጅ ከነዘፈኑ ይከፍታል። በመሃል ያሉት፣ የዊንዶውስ 95 ዘመኖቹ፣ ናቸው የሚያስቸግሩት። ጌሙ ራሱ ዛሬም ይሠራል፣ ኢንስቶል የሚያደርገው ፕሮግራም ግን የ16 ቢት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ ያንን አይነካውም። "ይህ አፕ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም" ይላችኋል፣ እናንተም ጌሙ ሞተ ብላችሁ ዲስኩን ትጥላላችሁ። አትጣሉት። ሊኑክስ ላይ ዋይን በሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለጌም ነው ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ ወሎ ሆኜ ነው የማስበው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩባቸው ሳምንታት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ወራት ኢንተርኔት ካላገኘ አልነሳም የሚል ጌም ሁሉ ድንጋይ ሆነ። በገንዘብ የተገዛውም እንደዚያው። ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረው፣ ማንንም የማይጠይቀው አሮጌው ጌም ግን መብራት በመጣ ቁጥር ይነሳ ነበር። ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ምሽቱን ያሳለፉት በእሱ ነው። የእህቴ ልጅ መኪና መንዳት የለመደው በእነዚያ ምሽቶች ነው፤ እሷ ቡና እያፈላች፣ እሱ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ዙር ሳይጨርስ።

ውጭ ያሉትም ዛሬ የሚጮኹት ለዚሁ ነው። ዘ ክሩ የሚባለው የዩቢሶፍት የመኪና ጌም በመጋቢት 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ዲስኩን የያዘ ሰውም መጫወት አልቻለም። ዲስኩ ውስጥ ያለው ጌም ከሰርቨሩ ውጭ አይንቀሳቀስም ነበር። ከዚያ የተነሳው "ጌሞችን መግደል አቁሙ" የሚል ንቅናቄ በአውሮፓ ኅብረት ባቀረበው አቤቱታ በሐምሌ 2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። የሚጠይቁት ቀላል ነው። ስትሄዱ ጌሙን በሚሠራ ሁኔታ ትታችሁ ሂዱ።

እኔን በጣም የሚነካኝ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው ጌም በሐምሌ 2020 ኢትዮጵያን ጨመረ። መሪው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፣ የኢትዮጵያ ልዩ ግንባታ ሆኖ የገባውም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ምንጩን አይስተውም። የወሎ ድንጋይ ዓለም በሚጫወተው ጌም ውስጥ ገባ። ግን ያ ጭማሪ በኢንተርኔት የሚወርድ ነው፣ ከአንድ አካውንት ጋር የታሰረ ነው። የላስታ ልጅ በእጁ ይዞ ለልጁ የሚያወርሰው ዲስክ የለም። ከአለት የተፈለፈለው ስምንት መቶ ዓመት ቆመ። የጌሙን ግን ሰርቨሩ ሲዘጋ ማን ይዞት እንደሚቀር እንጃ። አሁን ጌም የሚገዛ ወጣት ቢያንስ ያለ ኢንተርኔት የሚነሳውን፣ ፋይሉን ራሱ ጋ የሚያስቀምጠውን ይምረጥ እላለሁ። ጂኦጂ ላይ የተገዛ ጌም መጫኛውን አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሌላው ቦታ እንደየጌሙ ነው።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። ፒያሳ ያለው ወዳጄ ሱቁ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረው፣ ኤክስፒ የተጫነበት። "የሚገዛው የለም፣ መለዋወጫ ላደርገው ነበር" አለኝ። ከፍተን አቧራውን አራገፍንለት፣ የሰዓት ባትሪውን ቀየርንለት። የአክስቴን ዲቪዲ ከተትኩ። ድራይቩ አጓራ፣ ቀስ አለ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። የጌሙ ሙዚቃ ጀመረ። በልጅነቴ ሴቭ ያደረግኩት የለም፣ ያ ኮምፒውተር ድሮ ሄዷል፣ ግን የመጀመሪያዋን ኩርባ እጄ አልረሳትም።

የዲቪዲውን ኢሜጅ ወስጄ አንዱን ሃርድ ዲስኬ ላይ፣ ዲስኩን ራሱን ወደ ማቀፊያው መልሼ ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን ሌሎቹንም ጀምሬያለሁ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር በማርከር የተጻፈባቸው ቀድመው መዳን እንዳለባቸው ነው። ቤት ውስጥ የተጻፈ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፣ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይለቃል። የፋብሪካው የታተመ ነው፣ ይቆያል። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተነበቡም። አንዱ የአጎቴ ሠርግ ነው። በሦስት ድራይቭ ሞከርኩት፣ እስከ አርባ በመቶ ሄዶ ይቆማል። እናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ገና አሥራ አንድ ዲስክ ይቀረኛል። ዴስክቶፑ እዚያው ሱቅ ነው ያለው፣ ወዳጄም ሌላ ሰው ዲስክ ይዞ ቢመጣ እንዲጠቀምበት ጥጉን ለቆለታል። ነገ ጠዋት መብራት ካለ ሁለተኛውን የሠርግ ዲስክ ይዤ እሄዳለሁ።